የአያታችሁ እናት ስሟ ማን ነበር? የጠፋውን የሴት ስም ከመሬቱ ጋር መፈለግ

እስቲ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር እንሞክር። ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱና የአባታችሁን አባት ስም ጻፉ። ከዚያ የእሱን አባት፣ ከዚያ የእሱንም አባት። ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሾኔ አካባቢ ያደገ ልጅ አራት አምስት ስም ብዙ ሳያስብ ይደረድራል። የማይችል ካለም አጎቱ ዘንድ ቢደውል በሁለት ደቂቃ አሥር ስም ይቆጠርለታል።

አሁን በእናት በኩል እንሂድ። የእናታችሁ እናት ስም? እሺ። የእሷ እናትስ? የዚያችኛዋ እናትስ?

ብዙዎቻችን ዝም የምንለው እዚህ ላይ ነው። መናኸሪያ ላይ መኪና እስኪሞላ የሚጠብቁ አምስት ሰዎችን ብትጠይቁ መልሱ ተመሳሳይ ነው የሚሆነው፦ «ከሶሮ የመጣች ነች ይላሉ»፣ «የእንትና ሚስት ነበረች»፣ «የአያቴ እናት በቃ»። ቦታ አለ፣ ባል አለ፣ ልጅ አለ። ስም የለም።

ስሙ የት ሄደ? «ድሮ ሴት አትከበርም ነበር» ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ ግን እሱ ብቻውን አያስረዳም። በዚያው ዘመን፣ በዚሁ አገር፣ የሴት ቅድመ አያታቸውን ስም እስከ ብዙ ትውልድ ድረስ በቃላቸው የያዙ ገበሬዎች ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው መሬት ነው። የሴት ስም መሬት የሚያስተላልፍ ሲሆን ይቆያል፤ መሬት የማያልፍበት ስም ደግሞ በሁለት ትውልድ ይጠፋል። ነገሩን ከአንዲት የሐዲያ ልጅ እንጀምር።

ከሐዲያ ወጥታ ጎጃም ላይ የምትነሣው ሴት

ንግሥት እሌኒን ሁላችሁም በትምህርት ቤት ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ብሎ ያስተዋውቃታል። ገራድ ማለት ገዢ ማለት ነው። የዚያን ዘመኗ ሐዲያ ደግሞ የዛሬው ዞን ብቻ አልነበረችም፤ ሰፋ ያለች፣ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋች ግዛት ነበረች።

እሌኒ ቤተ መንግሥት ገብታ የበርካታ ነገሥታትን ዘመን አየች። ዘርዓ ያዕቆብን ተክቶ የነገሠው በዕደ ማርያም እንደ እናቱ አከበራት። እ.ኤ.አ. በ1508 ገና ልጅ የነበረው ልብነ ድንግል ሲነግሥ አገሩን ከሚመሩት ሰዎች ዋነኛዋ እሷ ነበረች። በዓመቱ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ የላከችው እሷ ናት። መልእክተኛዋ ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ሲሆን፣ የፖርቱጋል ልዑካን ምጽዋ ላይ የወረዱት በ1520 ነው።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከልዑካኑ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ላይ ጎጃም የንግሥት እሌኒ ይዞታ እንደነበረች ይናገራል። ምሥራቅ ጎጃም ያለው የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ከእሷ ስም ጋር የተያያዘ ነው። አምስት መቶ ዓመት አልፎ መርጡለ ማርያም ስትነሣ እሌኒ አብራ ትነሣለች።

እስቲ አስቡት። ሴትየዋ የሐዲያ ልጅ ናት፤ ስሟ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው ግን ጎጃም ላይ ነው። ምክንያቱም መሬት የያዘችው እዚያ ነው፤ ያሠራችው እዚያ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ። ዜና መዋዕሉ የእሌኒን አባት ይነግረናል። አባቷ ቤት ሳለች የምትጠራበትን ስም ግን አይነግረንም፤ እሌኒ የክርስትና ስሟ ነው። እናቷ ማን እንደሆነችም አልተጻፈም። ንግሥት የሆነችው ሴት እናት እንኳ ስሟ ካልተጻፈ፣ የእኛ ቅድመ አያቶች ስም ለምን እንደጠፋ መገረም አይኖርብንም።

ጎጃም ላይ ለምን ይታወሳል? እኛ ጋ ለምን ይረሳል?

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል። ያገኘው ነገር ባጭሩ ይኼ ነው፦ አንድ ገበሬ ርስት የሚጠይቀው በአባቱ በኩል ብቻ አይደለም፤ በእናቱም በኩል ይጠይቃል። በእናቱ አባት፣ በአባቱ እናት፣ በየትኛውም መስመር ወደ ኋላ ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው «ዋና አባት» ከደረሰ የመጠየቅ መብት አለው።

ይህ ምን ማለት ነው? ጎጃሜው ገበሬ ዘሩን ሲቆጥር ሴቶቹን መዝለል አይችልም። አንዷን ሴት ከረሳ በእሷ በኩል የሚመጣው ርስት አብሮ ቀረ። ክርክር ሲነሣ «በእገሊት በኩል እወለዳለሁ» ብሎ ሽማግሌ ፊት ማስረዳት አለበት። በጎንደር በኩልም በብራና ላይ የተጻፉ የመሬት ውሎችን የመረመረው ዶናልድ ክረሚ ሴቶች መሬት ሲወርሱ፣ ሲያወርሱና ሲከራከሩ የሚታዩባቸው ብዙ ሰነዶች እንዳሉ አሳይቷል። ይሄ ሲባል እዚያ ሴት ከወንድ እኩል ነበረች ማለት አይደለም። ስሟ ሥራ ነበረው ማለት ነው።

እኛ ጋ ሥርዓቱ ሌላ ነው። በሐዲያም በከምባታም መሬት በልማድ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚያልፈው። ጎሳም በአባት በኩል ይቆጠራል። የራስን ጎሳ ማግባት ነውር ስለሆነ ሴት ልጅ ሁልጊዜ ከሌላ ጎሳ ነው የምትመጣው፤ ወደ ሌላ ጎሳም ነው የምትሄደው።

ውጤቱን ተመልከቱት። የተወለደችበት ቤት ዘር ሲቆጥር ይዘላታል፤ «እሷማ ትሄዳለች» ተብላለች። ያገባችበት ቤት ዘር ሲቆጥር ይዘላታል፤ «እሷማ ከሌላ ቤት ናት» ተብላለች። ሁለት ቤት አላት፤ ስሟ ግን ከሁለቱም ዝርዝር ውጪ ነው። ሐምባርቾ ተራራ ላይ 777ቱን ደረጃ የወጣችሁ «ሰባቱን ነባር የከምባታ ጎሳዎች» ሰምታችኋል። የጎሳዎቹ ስም በየቤቱ ይነገራል። ሰባቱን እናቶች የሚቆጥር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

በነገራችን ላይ የዛሬው ሙሉ ስማችንም ያው ነው። የልደት ሰርተፍኬት ላይ «የእናት ሙሉ ስም» የሚል ቦታ አለ። እዚያ የምንሞላው ግን የእናታችንን ስም፣ የአባቷን ስምና የአያቷን ስም ነው። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች። የእሷ እናት የምትገባበት መስመር የለም።

መሬቱ ላይ የነበረው ማን ነው?

ወረቀቱን ትተን ጓሮውን እንይ። የእኛ አገር ቤት በእንሰት የተከበበ ነው፤ በሐዲይኛም በከምባትኛም ዌሳ እንለዋለን። እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ሰው የሚያበላ ተክል ነው ይባላል። ወንዱ ይቆፍራል፣ ይተክላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴት ነው፦ ፍግ ተሸክሞ ሥሩ ላይ መድፋት፣ ግንዱን መፋቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ማብላላት፣ ቆጮና ቡላ ማድረግ፣ ትርፉን ገበያ ማውጣት። ጎን ለጎን ደግሞ ሴቶቹ በዊጆ ተሰባስበው ቅቤ ያጠራቅማሉ።

እንሰት አዲስ ችግኝ የሚያወጣው ከሥሩ (ከአሚቾው) ነው፤ ልጁ የእናቱ ቁራጭ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጓሮአችሁ ያለው እንሰት ቅድመ አያታችሁ ፍግ ስትደፋለት የነበረው ራሱ ተክል ዘሩ ቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ተክሏ አለ፤ ስሟ የለም።

ወንዶቹስ የት ነበሩ? ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ወጣት ለሸንኮራ ቆረጣ ሄዷል። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ግብር መክፈያው ብር የሚገኘው ከውጭ ነበር። ወሩን ሙሉ፣ አንዳንዴም ዓመቱን ሙሉ እርሻውንና ጓሮውን የያዘችው ሚስት ናት። ዛሬ መንገዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞሯል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። ከመናኸሪያው የሚሳፈረው ወንዱ ነው፤ መሬቱ ላይ የምትቀረው ሴቷ ናት። ደረሰኙ የሚቆረጠው ደግሞ በሄደው ሰው ስም ነው።

ወረቀቱ ላይ ማን ተጻፈ?

ፍለጋ ስትጀምሩ የትኛው ዘመን ምን ዓይነት ወረቀት እንደተወ ማወቅ ይጠቅማል። በአጭሩ እንየው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር አካባቢውን ከያዘ በኋላ መሬት በቀላድ እየተለካ ለወታደር፣ ለቤተ ክህነት፣ ለሹማምንትና ለባላባት ተከፋፈለ። ለአካባቢው ባላባት የሚቀረው ድርሻ ሲሶ ይባል ነበር። አራሹ ገባር ሆነ። በዚህ ዘመን መዝገብ ላይ የሚገኘው የባለመሬቱ ስም ነው። የሚያርሰው ገባር እንኳ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ የገባሩ ሚስት ከየት ትመጣለች?

ከጣልያን መውጣት በኋላ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ ተመድቦ በገንዘብ ግብር ይከፈልበት ጀመር። የዚህ ዘመን የግብር ደረሰኝ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡ ቤተሰቦች አሉ። ደረሰኙ በአባወራ ስም ነው፤ አንዳንዴ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ስም ብቅ ይላል። ካገኛችሁት ወርቅ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ተባለ፤ በ800 ሄክታር ገደማ አንድ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ለውጥ ነበር። ግን ማኅበሩ ሲመዘግብ የቤቱን ኃላፊ ነው የመዘገበው። ባል ያላት ሴት በባሏ ሥር ገባች። በስሟ የተመዘገበችው በአብዛኛው ባሏ የሞተባት ወይም ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት።

ባሏ የሞተባትም ቢሆን ሁልጊዜ በስሟ አትቆይም ነበር። በአካባቢያችን የሟች ወንድም ሚስቱን የሚወርስበት ልማድ ነበር። መሬቱም፣ ልጆቹም፣ ሴትየዋም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ይቀራሉ። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ጋር ያቋቋመችው ከምባቲ መንቲ ገዚማ የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ብቻ ሳይሆን የሴቶችን የንብረት መብት ጉዳይም አንሥቶ የሠራው ለዚህ ነው፤ ነገሮቹ የተያያዙ ናቸው።

ከዚያ ደብተሩ መጣ። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ትግራይ ላይ ሲጀመር የቤቱ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር የሚጻፍበት። ወደ ደቡብ ሲደርስ ግን የባልና የሚስት ስም፣ ከነፎቶአቸው እንዲገባ ተደረገ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። በሐዲያና በከምባታ የተራ ገበሬ ሚስት ስም በብዛት ከመሬት ጋር ወረቀት ላይ የተቀመጠው ያኔ ነው።

እንዴት እንፈልጋት?

እኛም በየቤታችን ሞክረነዋል። የሠራልንን መንገድ እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከስም አትጀምሩ። «ስሟ ማን ነበር?» ስትሉ «እኔ ምን አውቃለሁ» የሚል መልስ ይመጣና በሩ ይዘጋል። ከቦታ ጀምሩ። «ሲያገቧት ከየት ነው ያመጧት? ሙሽራ ሆና የመጣችው በየት በኩል ነው? ቤቷ የትኛው ዛፍ አጠገብ ነበር? ይህን እንሰት ማን ተከለው?» ሰው ቦታውን ሲያስታውስ ሰውየዋም ትመጣለች።

ሁለተኛ፣ ጎሳዋን ጠይቁ። ስም ቢጠፋ እንኳ የእናት ወገን ጎሳ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ምክንያቱም ለጋብቻ ይጠየቃል። ጎሳዋና የመጣችበት ቀበሌ ከታወቀ፣ እዚያ ሄዳችሁ «ከእናንተ ወገን ወደ እኛ ያገባች ሴት ነበረች» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ባሏ ቤት የተረሳችው ሴት በወንድሞቿ ቤት ትታወስ ይሆናል። «ለቅሶዋ ላይ ከወገኗ እነማን መጡ?» የሚለውም ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛ፣ እና ይሄን ልብ በሉ፦ ዝምታ ሁሉ መርሳት አይደለም። ከምባታ ላይ ባሊሻ የሚባል የቆየ የሴቶች ወግ አለ። ያገባች ሴት የአማቾቿን ስም አትጠራም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም አትናገርም። በአማርኛ ብናስበው፣ አማቷ «ማሞ» የሚባል ሴት «ማር» እና «ማታ» ማለት ትታ ሌላ ቃል ትፈልጋለች እንደ ማለት ነው። የከምባትኛ ቋንቋ ተመራማሪዋ ኢቮን ትራይስ በዝርዝር ጽፋበታለች፤ ሲዳማ ላይም የሚታወቅ ነው። ዛሬ እየቀረ ነው፤ አያቶቻችን ግን አድገውበታል። ስለዚህ አያታችሁን የባሏን እናት ስም ጠይቃችሁ ዝም ካለች ረስታ ላይሆን ይችላል፤ አክብራ ነው። አታስጨንቋት። ለዚያ ወግ የማይገደድ ሰው ጠይቁ፦ የአያታችሁን ሴት ልጅ፣ የባሏን እህት፣ ጎረቤት።

አራተኛ፣ በቋንቋዋ ጠይቁ። በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ የሚመጣው ታሪክ በአማርኛ ከሚመጣው ይለያል። እናንተ ካልቻላችሁ የሚችል ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ፈቅዳ ከሆነ በስልካችሁ ድምፅ ቅዱ፤ ፋይሉንም ስሟንና ቀኑን ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል።

አምስተኛ፣ ዓመት ሳይሆን ዘመን ጠይቁ። «ስንት ዓመቷ ነበር?» አይሠራም። «ጣልያን ሲገባ አግብታ ነበር? አያቴ ወንጂ ሲሄድ በሕይወት ነበረች? መሬት ላራሹ ሲታወጅስ?» ይሠራል። ጣልያን የነበረው ከ1928 እስከ 1933፣ አዋጁ በ1967፣ ክፉው ድርቅ በ1977። በእነዚህ መሀል ሕይወቷን ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ስድስተኛ፣ ወረቀት። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የቅድመ አያታችሁን ሰርተፍኬት አትጠብቁ። በቤት ሣጥን ውስጥ ያለ የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሽማግሌ ውል ፈልጉ። የካቶሊክ የጥምቀት መዝገብ የተጠማቂውን እናት ስም ስለሚይዝ ቤተሰባችሁ ከዚያ ወገን ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ሌላም አጥቢያ የቆየ የአባላት መዝገብ ካለው ጠይቁ።

መንግሥት ቤት ስትሄዱ ደግሞ ስሞች እንደተቀያየሩ አስታውሱ። ሆሳዕና ድሮ ዋቸሞ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲው የያዘው ስም እሱ ነው። አካባቢው በንጉሡ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ በደርግ ጊዜ የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ይባላል። ኋላ ደቡብ ክልል ሆኖ ዋና ከተማው ሐዋሳ ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ፋይል ሆሳዕና ባይገኝ የለም ማለት አይደለም፤ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መነሻ ይሆናሉ። ኡልሪኽ ብራውኬምፐር የተባለው ጀርመናዊ ስለ ሐዲያና ስለ ከምባታ የጻፋቸው ትልልቅ የታሪክ መጻሕፍትም የጎሳችሁን አመጣጥ ለማየት ይረዳሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር

አንዱ፦ ቅድመ አያታችሁ የነበረችበትን መሬት ማግኘት መሬቱን መጠየቅ አይደለም። የ1967ቱ አዋጅ የድሮውን ባለቤትነት ዘግቶታል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ዛሬ እዚያ ላይ የሚኖረው ሰው የራሱ ታሪክና የራሱ ደብተር አለው። «ይህ የእኛ ዘር መሬት ነበር» የሚል ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል። የምትፈልጉት ሰውን እንጂ ሄክታርን አይደለም።

ሌላው፦ አንዳንዱ ዝምታ ቁስል ነው። ሸክላ የሚሠሩና እንጨት የሚጠርቡ ወገኖቻችን ለረጅም ዘመን መሬት ተከልክለው፣ ጋብቻ ተከልክለው፣ በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ተጠልፋ የመጣች ቅድመ አያትም ልትኖር ትችላለች። ቤተሰብ አንዲትን ሴት የደበቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ታሪኩን ስታገኙ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይሁን፤ ሁሉም ነገር ቲክቶክ ላይ አይወጣም።

ቀጥላ የምትረሳው ማን ናት?

እስካሁን ስለሞቱት አወራን። አሁን ስለ እናታችሁ እናውራ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በማስተላለፍ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሆኑ ይናገራል። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል።

በተግባር ግን ደብተሩን ከፍቶ የሚያይ ልጅ ስንት ነው? አባት ደቡብ አፍሪካ እያለ መሬቱ ሲለካ ማን ተመዘገበ? አባት ሁለት ቤት ካለው የሁለተኛዋ ሚስት ስም የት ነው? እህታችሁ አግብታ ስትሄድ «ድርሻ የላትም» የተባለው በሕግ ነው ወይስ በልማድ? ሽማግሌ ፊት «ወንድሞቼ ይውሰዱት» ያለችው ፈልጋ ነው ወይስ ላለመጣላት? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የውርስ ጥያቄም ጊዜ አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መሆኑን ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ በይርጋ ሊታገድበት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄ ካለ ቶሎ ሕግ የሚያውቅ ሰው ማማከር ነው።

ሁለቱ ሥራዎች በእኛ ግምት አንድ ናቸው። የቅድመ አያታችንን ስም ያጠፋው ወረቀቱ ላይ አለመኖሯ ከሆነ፣ የእናታችን ስም ወረቀቱ ላይ መኖር አለመኖሩን ማየት የዚያው ፍለጋ ቀጣይ ነው። ከሰባ ዓመት በኋላ የእናንተ የልጅ ልጅ መናኸሪያ ቆሞ ሲጠየቅ «ከሆሳዕና የመጣች ናት ይላሉ» ብሎ እንዳይመልስ ማለት ነው።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ። አገር ቤት ደውሉና በቤቱ በዕድሜ ትልቋን ሴት «እማማ፣ የእናትዎ እናት ከየት ነበሩ የመጡት?» በሏት። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ የመሬት ደብተሩ የት እንዳለ ጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። የእናታችሁ ስም ካለ ደስ ይበላችሁ። ከሌለ ደግሞ ማስተካከያው የሚጠየቀው ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው፤ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።